ስሙን ያጣው ሕመም፦ የሳንባ ጠባሳ በሽታዎች ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ተከታታይ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



በቅድሚያ አንድ ነገር ላሳስብ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በደቡባዊው አፍሪካ ስለሆነ፣ ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱ አድማጭን ከማደናገር በቀር ጥቅም አይኖረውም ብዬ ነው።

ወደ ርእሴ የምገባው ግን ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በሐኪምነት ሙያ በተሰማራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ስሠራ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ደረቅ ሳል አለባቸው፤ አቀበት መውጣት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰውነታቸው ከስቷል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ ጨርሰዋል። በአክታቸው ውስጥ ግን የነቀርሳው ተሕዋስ አንድም ጊዜ አልታየም። የራጅ ፊልማቸውን ወደ ብርሃን አንሥቼ ተመለከትሁት፤ ሁለቱም ሳንባዎች ጠባሳ በጠባሳ ሆነዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ጻፍሁላቸው። ማዘዣውን ተቀብለው ሲነሡ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ሳል የድንጋዩ ነው፤ አብረውኝ ይጠርቡ የነበሩት ሁሉ በዚሁ ነው ያለቁት» አሉኝ። እኔም «መድኃኒቱን ብቻ ሳያቋርጡ ይውሰዱ አባቴ» ብዬ አሰናበትኋቸው። ሥራቸው ምን እንደ ነበረ አልጠየቅሁም ነበር። እሳቸው ሳይጠየቁ ነገሩኝ፤ እኔም የሰማሁት መልስ ሆኖ አልታየኝም።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ያን ዕለት ስለ ምን እንዳልሰማኋቸው ለመረዳት ያደረግሁት ጥረት ውጤት ነው። ለስሕተቴ ማስተባበያ አድርጌ አላቀርበውም። ይሁንና ስሕተቱ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ፣ ሕክምና ራሱ በየዘመኑ ደጋግሞ የሠራው ስሕተት መሆኑን ታሪኩ ያሳያል።

ሳንባ እንዴት ይጠነክራል?

ሕክምና ላላጠናችሁ አድማጮቼ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ሳንባችን በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ግድግዳ ውስጥ የፀጉር ያህል እንኳ የማይሰፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሮጣሉ። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ በቀጭኑ ጎኑ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ውፍረት ነው ያለው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገረው በዚህ ስስ መጋረጃ በኩል ነው። በከረጢቶቹና በደም ሥሮቹ መካከል ያለው የድጋፍ ሕብረ ሕዋስ በሕክምና ቋንቋ «ኢንተርስቲሺየም» ይባላል፤ የመሃል ሥፍራ እንደ ማለት ነው። ይህ ሥፍራ ሲቆጣ፣ ሲያብጥ፣ በመጨረሻም በጠባሳ ሲሞላ የሚከሰቱትን ሕመሞች በጥቅሉ «ኢንተርስቲሺያል» የሳንባ በሽታዎች እንላቸዋለን።

«በሽታዎች» ማለቴን ልብ በሉ። በዚህ ስም ሥር የሚቆጠሩት ሕመሞች ከ200 በላይ ናቸው። አንዳንዱ ከሚተነፈስ አቧራ ይመጣል። አንዳንዱ ከሻጋታ ወይም ከወፍ ላባ ይነሣል። አንዳንዱ እንደ ቁርጥማት ያሉ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ተከታይ ነው። አንዳንዱን ለልብ ወይም ለካንሰር የተሰጠ መድኃኒት ያመጣዋል። የቀረው ደግሞ ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ታማሚው የሚናገረው ነው፦ ደረቅ ሳልና ቀስ በቀስ የሚያጥር ትንፋሽ። ሐኪሙ ጆሮውን በጀርባ በኩል ሲያሳርፍ ደግሞ፣ የጃኬት ተጣባቂ ማሰሪያ ሲላቀቅ የሚሰማውን የመሰለ ስስ ስንጥቅጥቅ ድምፅ ይሰማል።

እንግዲህ ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ብዙ፣ ሕክምናውም እንደ ምክንያቱ የተለያየ ከሆነ፣ ለሕመሙ የሚሰጠው ስም የታማሚውን ዕጣ የሚወስን ነገር ይሆናል ማለት ነው።

የሰባት ባሎች ሚስቶች

የሳንባ ጠባሳን ቀድመው ያወቁት ከሐኪሞች ይልቅ የማዕድን ቆፋሪዎች ሚስቶች ናቸው ብል ከእውነት አልርቅም። በ1556 የታተመው የጌኦርጊዮስ አግሪኮላ የማዕድን ሥራ መጽሐፍ በካርፓቲያን ተራሮች የማዕድን ሠፈሮች እስከ ሰባት ባል ያገቡ፣ ሰባቱንም በሚያከሳ የሳንባ ሕመም ያጡ ሴቶች እንደነበሩ ይመዘግባል። አግሪኮላ የማዕድን ከተማ ሐኪም ነበር። አቧራው ደረቅ በሆነበት ጉድጓድ ሳንባ እንደሚቆስል ጽፏል፤ አየር የሚያስገቡ መሣሪያዎችን በሥዕል አሳይቷል፤ ቆፋሪዎቹም ፊታቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ መክሯል። መጽሐፉ ለኅትመት የበቃው እሱ ካረፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል እንለፍ። በ1700 በጣሊያን አገር ሞዴና ከተማ፣ በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ሐኪም የሠራተኞችን በሽታዎች የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ። የድንጋይ ጠራቢውን ሳል፣ የእህል አበጣሪውን የትንፋሽ መታፈን፣ የሸክላ ሠሪውን፣ የሸማኔውን ሕመም በየተራ ተነተነ። የራማዚኒ ትልቁ ስጦታ አንዲት ጥያቄ ናት። ከጥንታዊው ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪም ታማሚውን የሚጠይቃቸው የታወቁ ጥያቄዎች ነበሩ። ራማዚኒ በእነዚያ ላይ አንድ ጨመረ፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል።

ይህች ጥያቄ ወጪ የላትም፤ መሣሪያም አትፈልግም። ሆኖም ከእሱ በኋላ በመጡት ሦስት መቶ ዓመታት በሕክምና ክፍሎች ውስጥ በብዛት የተዘነጋች ጥያቄ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ጆሮና ቢላዋ

በ1816 በፓሪስ ኔኬር ሆስፒታል ሬኔ ላኤኔክ አንዲትን ወጣት ሴት ሲመረምር ወረቀት ጠቅልሎ በደረቷ ላይ አደረገና የልቧን ምት ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ ሰማ። ዛሬ በሐኪም አንገት ላይ የምናየው የደረት ማዳመጫ ከዚያ ጥቅል ወረቀት ተወለደ። ላኤኔክ በ1819 ባሳተመው ሥራው በሕይወት ሳሉ የሰማውን ድምፅ ከሞቱ በኋላ በቢላዋ ከፍቶ ካየው ጋር አስተያየ። ሳንባ በቁሙ መነበብ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። እሱ ራሱ በ1826 በሳንባ ነቀርሳ አረፈ።

ላኤኔክ በጠባሳ ተሸብሽቦ ለሚጠነክር ጉበት «ሲሮሲስ» የሚለውን ስም የሰጠ ሰው ነው። በ1838 የደብሊኑ ሐኪም ዶሚኒክ ኮሪጋን ይህን ስም ተውሶ «የሳንባ ሲሮሲስ» በሚል ርእስ ጻፈ። ጉበት እንደሚሸበሸብ ሁሉ ሳንባም በጠባሳ ይሸበሸባል፤ ጠባሳውም ሲኮማተር የአየር ቧንቧዎችን ከየአቅጣጫው እየሳበ ያሰፋቸዋል አለ። ኮሪጋን ያለ ራጅ፣ በጆሮውና በቢላዋው ብቻ የደረሰበት ይህ ሐሳብ ትክክል ነበር። ዛሬ በሲቲ ስካን ላይ በጠባሳ ተጎትተው የሰፉ ቧንቧዎችን ስናይ ጠባሳው ሥር የሰደደ መሆኑን የምናውቅበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

በ1867 ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፄንከር ከአቧራ ለሚመጡት የሳንባ ሕመሞች የወል ስም አወጣላቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በኢጣሊያ የድንጋይ አቧራው ሕመም «ሲሊኮሲስ» ተባለ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» እንደሚባለው፣ ስሙ ከወጣ በኋላ ሌላው ይከተላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

የኮክ ብርሃንና የጣለው ጥላ

መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ተሕዋስ ማግኘቱን ገለጸ። የሰው ልጅ ከፈጸማቸው ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው። የታሪክ ባለሙያ ግን ታላላቅ ግኝቶች ከብርሃናቸው ጎን ጥላ እንደሚጥሉም መመርመር ይገባዋል።

ከኮክ በፊት የሚያከሳ የሳንባ ሕመም ብዙ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ይታሰብ ነበር፤ አቧራም፣ ጭስም፣ ውርስም፣ ችግርም። ከኮክ በኋላ ግን አንድ ተሕዋስ፣ አንድ በሽታ የሚለው አስተሳሰብ ገነነ። የድንጋይ ጠራቢው ሳል ነቀርሳ ሆነ፤ የቆፋሪውም እንዲሁ። ነቀርሳ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ተሕዋሱ ከየት መጣ ሲባል መልሱ ከሠራተኛው ቤት መጣ፣ ከመኝታው መጣበብ፣ ከምራቁ መጣ የሚል ነው። ከሥራ ቦታው አቧራ መጣ የሚል መልስ ተረሳ። ኃላፊነቱ ከአሠሪው ትከሻ ወርዶ በታማሚው ትከሻ ላይ ዐረፈ።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው፣ የድንጋይ አቧራ የገባበት ሳንባ ለነቀርሳ የተጋለጠ መሆኑ ነው። ጥቃቅኑን የሲሊካ ብናኝ ሊያጸዱ የሚሯሯጡት የመከላከያ ሕዋሳት ብናኙን ውጠው ይሞታሉ፤ በሞታቸውም ቁጣን የሚቀሰቅሱና ጠባሳ የሚያስከትሉ ኬሚካሎች ይለቃሉ። ነቀርሳን የሚጠብቁት ዘበኞችም እነዚሁ ሕዋሳት ናቸውና፣ እነሱ ሲያልቁ ለተሕዋሱ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቱም ሕመሞች በአንድነት ሊኖሩበት ይችላል። ተሕዋሱ የተገኘበት ጠራቢ ነቀርሳ አለበት፤ ነቀርሳ ስላለበት ግን አቧራው ነፃ አይወጣም።

ወርቁ፣ ዋሻውና ክሩ

በደቡብ አፍሪካ በዊትዋተርስራንድ ወርቅ የተገኘው በ1886 ነው። ብዙም ሳይቆይ በአየር ግፊት የሚሠራ መሰርሰሪያ ገባ፤ በእጅ መዶሻ ከሚነሣው አቧራ እጅግ የበለጠ ደቃቅ አቧራ ያነሣ ነበር። ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ማዕድኑ ተቋርጦ ሥራው እንደገና ሲጀመር፣ ከጦርነቱ በፊት የነበሩት ሰርሳሪዎች ሲፈለጉ ብዙዎቹ ሞተው ተገኙ። ገና በለጋ ዕድሜያቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከ1911 ጀምሮም ካሣ የሚያስከፍሉ ሕጎች ወጡ። በ1930 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሲሊኮሲስ ጉባኤ በጆሃንስበርግ ተካሄደ።

ይህን የሚያነብ ሰው ችግሩ ታውቆ ተፈታ ሊል ይችላል። የተመዘገበው ግን በአብዛኛው የነጩ ሠራተኛ ሕመም ነው። ጥቁሩ ሠራተኛ ከሌሶቶ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከኒያሳላንድ በውል ይመጣል፤ ሳል ሲጀምረው ውሉ ያበቃና ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ እዚያም ማንም ሳይቆጥረው ይሞታል። ሲሊኮሲስ ከሥራ ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላም የሚገለጥ በሽታ በመሆኑ፣ ማዕድኑ ጤነኛ መስሎ ሲታይ ገጠሩ ሕሙማንን ተሸከመ። የእነዚህ ሰዎችና የቤተሰቦቻቸው የጋራ ክስ በስምምነት አልቆ በጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት የጸደቀው በ2019 ነው፤ የካሣው መጠን ወደ 5 ቢሊዮን ራንድ ይጠጋል። ከመጀመሪያው ሕግ እስከዚህ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል።

ሁለተኛው ታሪክ የዌስት ቨርጂኒያው የሆክስ ኔስት ዋሻ ነው። በ1930 አሜሪካ በከፋ የሥራ አጥነት ዘመን ሳለች፣ በጎሊ ብሪጅ መንደር አቅራቢያ የወንዝ ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫ የሚያሻግር ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ተራራው በሲሊካ የበለጸገ አለት ነበር። አለቱን እያረጠቡ መሰርሰር አቧራውን እንደሚቀንስ በዘመኑ ይታወቅ ነበር፤ ሥራውን ለማፋጠን ግን በደረቁ ተሰረሰረ። ከሠራተኞቹ የሚበዙት ከደቡብ ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። አንዳንዶቹ በዋሻው ውስጥ ወራት ብቻ ሠርተው ታመሙ። በየሞት ማስረጃው ላይ ግን የሳንባ ምች፣ ነቀርሳ የሚሉ ስሞች ይጻፉ ነበር። በ1936 ጉዳዩ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲመረመር 476 ሞት ተጠቀሰ። ሐኪሙ ማርቲን ቸርኒያክ በ1986 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 764 አደረሰው። እስከ ዛሬ ትክክለኛው ቁጥር የማይታወቀው የሞቱበት ምክንያት በስሙ ስላልተጻፈ ነው።

ሦስተኛው የአስቤስቶስ ታሪክ ነው። በ1899 በለንደን ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል አንድ የ33 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ትንፋሽ አጥሮት መጣ። ከሱ ጋር በአንድ ክፍል አስቤስቶስ ያበጥሩ ከነበሩት ዐሥር ሰዎች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ መሆኑን ለሐኪሙ ለሞንታግዩ መሪ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት እሱም ሞተ፤ ሳንባው ሲከፈት በጠባሳ ተሞልቶ፣ በውስጡም የአስቤስቶስ ክር ተገኘ። ሐኪሙ ይህን በ1906 ለመንግሥት ኮሚቴ መሰከረ። የብሪታንያ መንግሥት የአስቤስቶስ አቧራን የሚቆጣጠር ደንብ ያወጣው ግን በ1931 ነው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ለረዥም ጊዜ ተቀመጥሁ። «አብረውኝ ይጠርቡ የነበሩት ሁሉ» ያሉኝ አባት ድምፅ ተመልሶ መጣብኝ።

ምክንያቱ ያልታወቀው

እስካሁን ያወራነው ጥፋተኛው ስለሚታወቅበት ሕመም ነው። ከጎኑ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነበር፤ አቧራ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳንባ የሚጠነክርበት። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሉዊስ ሃማንና አርኖልድ ሪች በ1930ዎቹ አጋማሽ ያስታወቁትንና በ1944 በሰፊው የገለጹትን ሕመም እንውሰድ። አራት ታማሚዎች በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። በአስከሬን ምርመራ ተሕዋስም አቧራም አልተገኘም፤ የተገኘው በየከረጢቱ ግድግዳ መካከል የተስፋፋ ጠባሳ ነው። «ኢንተርስቲሺያል» የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይ ወጥቶ በሐኪሞች አንደበት ተለመደ።

ስም ሲገኝ ደግሞ ያለ ልክ መጠቀም መጣ። ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚገድለውም፣ በአንድ ወር የሚገድለውም፣ በመድኃኒት የሚሻለውም በሁለቱ ሐኪሞች ስም ይጠራ ጀመር። ይህን ድብልቅልቅ ለመለየት በብሪታንያ ጋይ ስካዲንግ በ1964 አዲስ ስያሜ አቀረበ። በአሜሪካ ደግሞ አቬሪል ሊቦውና ቻርልስ ካሪንግተን በ1969 የሳንባ ናሙናዎችን በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ በአምስት ወገን ከፈሏቸው። ከአምስቱ በብዛት የሚታየውን «የተለመደው» አሉት። የተለመደው የተባለው የከፋው ሆኖ ተገኘ፤ ሳንባውን በስተመጨረሻ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሚያደርገው እሱ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የተጀመረው ሲቲ ስካን በ1980ዎቹ ሳንባን በሚሊ ሜትር ውፍረት እየከፈለ ማሳየት ሲጀምር፣ ቀደም ሲል ከአስከሬን ወይም ከቀዶ ጥገና ብቻ ይገኝ የነበረው ዕውቀት በሕይወት ካለ ሰው ተገኘ። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ምስሉ ግልጽ የማር እንጀራ መልክ ካሳየ ናሙና መቁረጥ እንደማያስፈልግ ደነገገ። በዚያው ዓመት ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀው ጠባሳ ከአንድ የንፍጥ ዘረመል ልዩነት ጋር ዝምድና እንዳለው ተገለጸ።

የታመነው መድኃኒት

አሁን ከታሪኩ ለእኛ ለሐኪሞች ትልቅ ትምህርት ወደሚገኝበት ክፍል ደርሻለሁ። በ1948 በአሜሪካ ኮርቲዞን ለቁርጥማት ሕመምተኞች ተሰጥቶ አስደናቂ ውጤት አሳየ፤ ግኝቱም በ1950 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። የሳንባ ጠባሳም ከቁጣ ይነሣል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ጠባሳን ያቆማል ማለት ምክንያታዊ ነበር። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ የኮርቲዞን ቤተሰብ መድኃኒቶች ለዐሥርተ ዓመታት ተሰጡ። በ1991 አዛታዮፕሪን የተባለ ሌላ መድኃኒት ሲጨመር ሊጠቅም እንደሚችል አንድ ጥናት ጠቆመ፤ በጥናቱ የተካተቱት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2005 ሦስተኛ መድኃኒት ተጨመረ። ሦስቱ በአንድነት በዓለም ዙሪያ የተለመዱ ሆኑ።

በመጨረሻ አንድ ተራ ጥያቄ ተነሣ፦ ይህ ሕክምና ምንም ካለመስጠት ይሻላልን? በአሜሪካ በተካሄደው ጥናት ምክንያቱ ያልታወቀ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ለ77ቱ ሦስቱ መድኃኒቶች፣ ለ78ቱ መድኃኒት መሳይ ክኒን ተሰጠ። በ2011 መገባደጃ ተቆጣጣሪው ቡድን ይህን የጥናቱን ክፍል አስቆመው። ሦስቱን መድኃኒቶች ከወሰዱት 8 ሰዎች ሞተዋል፤ መድኃኒት መሳዩን ከወሰዱት 1 ሰው። ሆስፒታል የተኙት ደግሞ 23 እና 7 ነበሩ።

ይህን ቁጥር ዝም ብለን አንለፈው። ለዐሥርተ ዓመታት በቅን ልቡና፣ በታላላቅ ሆስፒታሎች፣ ይጠቅማል ተብሎ የተሰጠ ሕክምና ጎጂ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ክፉዎች አልነበሩም። የታመነውን ነገር ለፈተና ለማቅረብ ዘገዩ እንጂ። ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም አለ፦ እነዚሁ የኮርቲዞን መድኃኒቶች ለሌሎቹ የዚህ ቤተሰብ ሕመሞች፣ ለምሳሌ ከሻጋታ አለርጂ ወይም ራሱን ከሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ ለሚመጡት፣ እስከ ዛሬ ይጠቅማሉ። አንዱን የሚያድን ሌላውን ይገድላል። የስም ጉዳይ የቃላት ክርክር አይደለም ያልሁት ለዚህ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ2014 ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች የጠባሳውን ግስጋሴ እንደሚያዘገዩ ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመትም በአሜሪካ ተፈቀዱ። ሁለቱም ያዘገያሉ እንጂ የተፈጠረውን ጠባሳ አይመልሱም። ጠባሳ የወረሰውን ሳንባ መተካት የሚችለው ንቅለ ተከላ ብቻ ነው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘለቄታው የተሳካው በ1983 በቶሮንቶ፣ የሳንባ ጠባሳ ለነበረበት ሰው ተደርጎ ነው። ታማሚው ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ።

ድንጋዩስ? ድንጋዩ ተመልሶ መጥቷል። ለዘመናዊ ወጥ ቤቶች መደርደሪያ የሚሆን፣ እጅግ ብዙ ሲሊካ ያለበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሲቆረጥና ሲለሰልስ ወጣት ሠራተኞች መታመማቸው በ2012 ከእስራኤል በወጣ ጥናት ተገለጸ። ከዚያም ከስፔን፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካ ተመሳሳይ ዜና ተሰማ። አውስትራሊያ በሐምሌ 2024 ይህን ድንጋይ ከለከለች። የአግሪኮላ መጽሐፍ ከታተመ ያኔ 468 ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? አገራችን የሳንባ ነቀርሳ ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ሳል፣ ክሳትና የራጅ ጠባሳ ያለበትን ሰው በነቀርሳ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ማንም ተማሪ ከዚህ ንግግር ነቀርሳን አትጠርጥሩ የሚል ትምህርት ይዞ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። ስሕተቱ ያለው ጥርጣሬው ፍርድ ሲሆን ነው። አክታው ደጋግሞ ነፃ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ተሟልቶ ተወስዶ ሕመሙ ሲብስ፣ እኛ ግን ያንኑ ስም ደግመን ስንጽፍ፣ በ1882 የወደቀው ጥላ አሁንም በላያችን አለ ማለት ነው።

በከተሞቻችን ለመንገድ ንጣፍ ድንጋይ የሚጠርቡ ወጣቶችን ሁላችንም አይተናል። በእብነ በረድ መቁረጫ፣ በሲሚንቶ ሥራ፣ በባህላዊ የወርቅ ቁፋሮ የተሰማሩ አሉ። በጭስ የተሞላ ማድ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ እናቶች አሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ እኩል ሲሊካ የለውም፤ እያንዳንዱ አቧራም እኩል አይጎዳም። የቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ማወቅ የሚቻለው ግን ስንጠይቅና ስንመዘግብ ብቻ ነው። ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ከ2013 ወዲህ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልዩ ሥልጠና እየተሰጠ ነው፤ ሲቲ ስካንም እኔ በጀመርሁበት ዘመን ከነበረው ይልቅ ቀርቧል።

ለተማሪዎቼ ሦስት ነገሮችን እማጠናለሁ። የመጀመሪያው፣ የራማዚኒን ጥያቄ ጠይቁ፤ የዛሬውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረውንም ጭምር፤ ከእነማን ጋር ይሠሩ እንደነበርና እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉም ጠይቁ። ሁለተኛው፣ ማዳመጫችሁን በጀርባ በኩል ከሳንባው ግርጌ አሳርፉና ታግሣችሁ ስሙ፤ ያ ስንጥቅጥቅ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከራጁ ቀድሞ ይናገራል። ሦስተኛው፣ የምትጽፉትን ስም እርግጠኛ ካልሆናችሁ እርግጠኛ አለመሆናችሁን ጻፉ። በሆክስ ኔስት የጠፉት ሰዎች የጠፉት በዋሻው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በወረቀት ላይም ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኔ ያየኋቸው አባት ግን በሽታቸውን አልደበቁም ነበር፤ ስሙን እስከ ምክንያቱ ነገሩኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ያዘዝሁላቸውን መድኃኒት ጨርሰው ይሁን ሳይጨርሱ፣ ተመልሰው አልመጡም። የጠባሳውን መድኃኒት በዚያ ዘመን ልሰጣቸው አልችልም ነበር፤ አልነበረምና። ሆኖም ከማይጠቅማቸው መድኃኒት ልገላግላቸው፣ አብሯቸው የመጣው ልጃቸውም በዚያው ሥራ ተሰማርቶ እንደሆነ ልጠይቅ እችል ነበር። ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ የጫማው ጫፍ በነጭ አቧራ ተሸፍኖ እንደነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።